ሥራ ለቆ አፓላቺያን ትሬል ለሚወጣ ልጅ፦ የኢንሹራንሱ ጉዳይ ከጉዞው በፊት ይለቅ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ታክስ ሲደርስ ስለ ታክስ፣ ዲቪ ሲደርስ ስለ ዲቪ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው፣ እናነባለን። እስካሁን ያልነካችሁት አንድ ጉዳይ ስላለ ነው የምጽፍላችሁ። እዚህ አሜሪካ ካደጉ ልጆቻችን አንዳንዶቹ ሥራ ለቀው ወይም ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስደው አምስት ስድስት ወር የሚፈጅ የእግር ጉዞ ይወጣሉ። የእህቴ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። በሚመጣው ማርች መጨረሻ ሥራውን ለቆ አፓላቺያን ትሬልን ሊሄድ ነው። ጆርጂያ ካለው ስፕሪንገር ተራራ ተነስቶ ሜይን ካታህዲን ላይ የሚያልቅ፣ 14 ስቴት የሚያቋርጥ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው።

ዘመድ ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው «አብደሃል እንዴ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ኢንሹራንስህስ?» አለ። በመጀመሪያው አልስማማም። እናቶቻችን ግሸን ማርያም ለመሳለም ስንት ቀን በእግራቸው እንደሚጓዙ እያወቅን መራመድን እብደት ልንል አይገባም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ትክክል ነው፣ መልስም ይፈልጋል። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ቢል ክፍል ውስጥ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚደርሰውን ቢል ስለማውቀው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጆቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት አንድ ዘዴ አለ። 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የለቀቀ ሰው በኮብራ ሕግ መሠረት የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ ራሱ እየከፈለ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላል። ዋጋው ከባድ ነው፤ አሠሪው ይከፍልለት የነበረውንም ራሱ ይከፍላል፣ 2 በመቶ ደግሞ ሊጨመርበት ይችላል። ነገር ግን ለመወሰን 60 ቀን ይሰጠዋል፣ ከወሰነና ያለፈውን ከከፈለ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ልጆቹ «አሁን አትክፈል፣ እግርህ ከተሰበረ ያኔ ትፈርማለህ» ይባባላሉ። ሕጉ ይህንን ይፈቅዳል፣ ውሸት አይደለም።

ግን 60 ቀን ሁለት ወር ነው፣ መንገዱ ደግሞ ስድስት ወር። ማርች 31 ኢንሹራንሱ የተቋረጠበት ልጅ ሜይ መጨረሻ ላይ ጊዜው ያልቅበታል፤ የኮብራው ደብዳቤ ዘግይቶ ከተላከ ትንሽ ይገፋለታል እንጂ። ያን ጊዜ የት ይሆናል? እንደ ብዙዎቹ ከሄደ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከፊቱ ሜሪላንድ፣ ፔንስልቬንያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ኮነቲከት አሉ፣ የላይም በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር የሚበዛበት አካባቢ፣ ያውም በጁንና በጁላይ። ከዚያ የኒው ሃምፕሻየር ዋይት ማውንቴንስ ይመጣሉ፤ ድንጋዩ ሌላ ነው፣ ንፋሱ ሌላ ነው፣ ብርዱ በሰመርም ሰው ይገድላል። ጊዜው የሚዘጋው ልክ ከባዱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በማርኬትፕሌስ፣ ማለት በኦባማኬር፣ ለመመዝገብ የሚሰጠውም 60 ቀን በዚያው ሰሞን ያልቃል። ሁለቱም ካመለጡት የሚቀጥለው መደበኛ ምዝገባ የሚከፈተው ኖቬምበር 1 ነው፣ ሽፋኑም ቢፈጥን ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ያን ጊዜ ልጁ ወይ ካታህዲን ደርሶ ተመልሷል፣ ወይ ታሞ ተመልሷል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ይህንን ነው፦ ከመውጣትህ በፊት ጨርስ። ማርኬትፕሌስ ላይ ኢንሹራንሱ ሳይቋረጥ አስቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፣ እንደዚያ ከሆነ አንድ ቀን እንኳን ክፍተት ሳይኖር አፕሪል 1 ይጀምራል። በገዛ ፈቃዱ ሥራ የለቀቀም ይችላል፤ ብዙ ሰው ለተባረረ ብቻ ይመስለዋል። ዕድሜው ከ26 በታች ከሆነ ደግሞ የወላጆቹ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይጠይቅ።

ፕላን ሲመርጥ ግን ርካሹን አይቶ ብቻ እንዳይፈርም። ብዙዎቹ ርካሽ ፕላኖች ከምንኖርበት አካባቢ ውጭ ኢመርጀንሲ ብቻ ነው የሚሸፍኑት። እግሩ ተሰብሮ ኢመርጀንሲ ቢገባ ይከፍላሉ። በመዥገር ተነክሶ ቆዳው ላይ ቀይ ክብ ቢወጣበት ግን ያ ኢመርጀንሲ አይባልም፣ ፔንስልቬንያ ያለ ክሊኒክ ገብቶ ከኪሱ ይከፍላል። ከስብራት በኋላ ያለው ክትትልና ፊዚዮቴራፒም እንደዚያው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፕላን በመላ አገሪቱ ኔትወርክ፣ ማለት የተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ካሉት፣ ዲዳክቲብሉንም፣ ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ከኪሱ የሚከፍለውን፣ ከሞላ ጎደል ከፍሎ ከጨረሰ፣ ኮብራው ውድ ቢሆንም ሊያዋጣ ይችላል። ይህ በሒሳብ የሚታይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፦ ኮብራን ጀምሮ 60 ቀኑ ካለፈ በኋላ በፈቃዱ ቢያቆም ማርኬትፕሌስ አይከፈትለትም።

ሜዲኬይድም፣ ማለት መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገቢ የሌለውን ያላገባ ጎልማሳም ሲቀበሉ ቆይተዋል፣ የሚያዩትም የወሩን ገቢ ነው፤ ከ2027 ጀምሮ ግን በፌዴራል ሕግ የሥራ ሰዓትም ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ያጣራ። ግሪን ካርድ ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። ከስቴቱ ውጭም ከኢመርጀንሲ በቀር ብዙ አይረዳም።

ስለ ሄሊኮፕተርም ሁሉም ይጠይቀኛል። ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ ያለውን ሰው የአየር አምቡላንስ ድርጅት ከኔትወርክ ውጭ ነኝ ብሎ ተጨማሪ ቢል እንዳይልክበት የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። የመሬት አምቡላንስን ግን ይህ ሕግ አልነካውም። ፍለጋና ነፍስ ማዳን ደግሞ ከጤና ኢንሹራንስ ጋር አይገናኝም። ኒው ሃምፕሻየር በቸልተኝነት የጠፋን ሰው ወጪውን ልታስከፍል ትችላለች፣ ለዚህም በ25 ዶላር «ሃይክ ሴፍ» የሚባል ካርድ ይሸጣል። ይግዛው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጁን አትከልክሉት፣ ፖስታውን ክፈቱለት። የኮብራው ወረቀት የሚመጣው ቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ጫካ ነው ያለው። እምቢ ብላችሁ ብትጣሉት ግን ያንን ፖስታ የሚከፍትለት አይኖርም።

እናንተም እባካችሁ አንድ ጊዜ በዚህ ላይ የኢንሹራንስ ባለሙያ አነጋግራችሁ ጻፉ። ጥያቄው ተራራ የሚወጣው ልጅ ብቻ አይደለም፣ እናቱን ለማየት ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ስድስት ወር የሚቆይም አለ። እስከዚያው ሥራ ሊለቅ ያሰበ ሁሉ ኤች አሩን፣ ማለት የሠራተኛ አስተዳደሩን፣ በኢሜይል ይጠይቅ፦ ሽፋኔ የሚያበቃው በለቀቅኩበት ቀን ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ? ድርጅቱ ይለያያል። መልሱ «በወሩ መጨረሻ» ከሆነ በወሩ 30 ከመልቀቅ በሚቀጥለው ወር በ2 መልቀቅ አንድ ወር ሙሉ ሽፋን ያስገኛል። ያለ ደሞዝ ፈቃድ የሚወስድም በፈቃዱ ጊዜ ኢንሹራንሱ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበል፤ የፌዴራሉ የፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ከነኢንሹራንሱ የሚያስከብረው ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ቤተሰብ ለማስታመምና ለመሳሰሉት ነው እንጂ ለእግር ጉዞ አይደለም።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ