የዘጌን ወደብና ጀልባዎች መልሶ ለማቋቋም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ለምትኖሩ የዘጌ ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

በሚያዝያ መጨረሻ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብና ነፋስ በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። የሰው ሕይወት ባለመጥፋቱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹ ገዳማትም ከነሥዕሎቻቸው ደኅና ናቸው። እንግዳ ሊያየው የሚመጣው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ያስቸገረን መድረሻው ነው። የጀልባ መቆሚያው ካብ ተንዷል። ዳር ታስረው ያደሩት የሞተር ጀልባዎች ሌሊቱን እርስ በርስ ሲላጉ አድረው ገሚሶቹ ሆዳቸው ተሰንጥቋል። ከወደቡ ወደ ገዳሙ በሚያወጣው የጫካ መንገድ ግራና ቀኝ እናቶች ቡና የሚያፈሉባቸውና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችን የሚሸጡባቸው ዳሶች ቆርቆሯቸው ተገንጥሎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኝቷል። በማግስቱ ከጭቃው ውስጥ ሳይሰበር የተለቀመ ሲኒ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዘጌን የማያውቅ ሰው «መሬቱን አርሳችሁ አትኖሩም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዘጌ በሬ አይጠመድም። ይህ ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣ የሚነገርለት ሥርዓት ነው፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በእርሱ ነው። ስለዚህ እህል ከገበያ የምንገዛው በቡና፣ በጌሾና ከጎብኚ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ጎብኚው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር እየሳሳ በመምጣቱ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት የለም። ቡናውም ቢሆን የጥላ ዛፍ የወደቀበት ተሰባብሯል፤ የተጎዳውን ጎንድሎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ቢቻልም አዲስ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል።

በቅድሚያ ድጋፋችሁን የምንጠይቀው ለወደቡ ካብ ነው። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን ክረምቱ ከገባ እስከ መስከረም መጨረሻ እየሞላ ይሄዳል። መሠረቱ ውኃው ሳይመለስ ካልተጣለ ሥራው ለመጪው በጋ ይተላለፋል፤ ጎብኚ የሚበዛበት ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜም ያመልጠናል። ድንጋይ ማመላለሱን በደቦ እንወጣዋለን፤ የወደቀውን ዛፍ በገዳማቱ ፈቃድ ስለምንጠቀምበት እንጨትም አንለምንም። የሚጎድለን ሲሚንቶ፣ ብረትና የግንበኛ ክፍያ ነው።

ቀጥሎ የጀልባ ጥገና ይመጣል። «ጀልባው የግለሰብ ንብረት ሆኖ ሳለ ሕዝብ ለምን ያዋጣለታል?» የሚል ጥያቄ በስብሰባችን ላይ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የደረስንበት ስምምነት ለጥገና የሚሰጠው ገንዘብ ያለ ወለድ ብድር እንዲሆን፣ ባለጀልባዎቹም ከእያንዳንዱ ምልልስ እየቀነሱ እንዲመልሱት፣ የተመለሰውም ለእናቶቹ ዳስ መሥሪያ እንዲውል ነው። ከእናቶቹ መካከል ግን ባል የሞተባቸውና ሌላ ገቢ የሌላቸው ስላሉ፣ እነርሱን ብድሩ እስኪመለስ ጠብቁ ማለት አግባብ ሆኖ አላገኘነውም። ቆርቆሮና ሚስማር በዓይነት መስጠት የምትችሉ ለእነርሱ ብታደርጉት ደስ ይለናል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ሲሆን ቁጥሩ በተያያዘው ደብዳቤ ላይ ተገልጿል። ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ ወጪ አይደረግም፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ከገዳማቱ አባቶች፣ አንዷ ቡና ከሚያፈሉት እናቶች፣ አንዱ ከባለጀልባዎቹ የተመረጡ ናቸው። ገቢና ወጪው በየወሩ በጽሑፍ ይደርሳችኋል። ዕቃ ይዛችሁ ከባሕር ዳር በጀልባ የምትመጡ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥና መቆሚያው ስለፈረሰ በጠዋት እንድትነሡ እናሳስባለን፤ ሲሚንቶና ብረት ግን በመኪና በአፋፍ ከተማ በኩል ቢገባ ይሻላል።