ምስጥ የበላው እንጨትም ሥራ አለው

ክቡር አዘጋጅ፣

መርካቶ የፈረሳ ዕቃ እነግዳለሁ። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በሩና ፌሮው ወዲያው ገዢ ያገኛል። የሚያንገበግበኝ የሚቀረው ነው። የተሰባበረው ማገር፣ የበሰበሰው ቋሚ፣ ነጩ ፎም ተደባልቆ ይጫንና ይደፋል። በ2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ማለቃቸውን እንዴት እንረሳለን?

የጭቃ ቤት ቋሚ ሲነቀል መሬት ውስጥ የነበረውን ጫፍ እዩት። ላዩ ደህና ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይፈረካከሳል። የምስጥ ሥራ ነው። ምስጥ እንጨት የሚፈጨው አንጀቱ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እየታገዘ ነው። ትልልቁን ኩይሳ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በበላው እንጨት ጎጆው ውስጥ ፈንገስ ያለማል። ምስጥ ሰፈር ይለቀቅ አላልኩም፤ የሚደፋውን እንጨት እንዲፈጭልን በዝግ ቦታ ይሞከር ነው የምለው።

ለፎሙም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የዱቄት ትል ፎም እየበላ መኖር እንደሚችል አሳይተዋል። 100 ትሎች በቀን የበሉት ከ34 እስከ 39 ሚሊግራም ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ቁም ነገሩ አንጀታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ፎሙን መሰባበሩ ነው።

ሁሉም ግን ከመለየት ይጀምራል። ቀለም የተቀባ ወይም ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ እንጨት ከንጹሑ ጋር መደባለቅ የለበትም። የከተማው አስተዳደር የማፍረስ ፈቃድ ሲሰጥ እንጨት፣ ፎምና ጭቃ ለየብቻ እንዲከመር ያስገድድልን። ለምርምር እንጨት የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ካለ ከእኔ መጋዘን በነጻ ይውሰድ።

አክባሪያችሁ፣
የፈረሳ ዕቃ ነጋዴ፣ ከመርካቶ