ከፉከራው ጎን ሙሾውም ይታተም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የካቲት 12 እና ሚያዝያ 27 በመጡ ቁጥር ጋዜጣዎ የአምስቱን ዓመት የጠላት ወረራ የሚያስታውሱ ግጥሞችን ስለሚያወጣ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የሚወጡት በአብዛኛው ፉከራና ቀረርቶ በመሆናቸው፣ ማን እንደ ገደለና ማን እንደ ማረከ እንሰማለን እንጂ ማን የወንድሟን ሬሳ ስትፈልግ እንደ ሰነበተች፣ ማን ልጅ አዝላ በረሃ እንዳቋረጠች አንሰማም። ይህን የያዘው ሙሾውና እንጉርጉሮው ነው።

የቃል ግጥምን ኃይል ወራሪው አልናቀውም። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ፣ የኢጣሊያ አገዛዝ በቅርቡ ይወድቃል እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ያላቸው አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙንና ሰባ ያህሉም መገደላቸውን በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም አስታውቋል። የለቅሶ ቤት ሴቶች ግን ማንጎራጎራቸውን አልተዉም።

አያቴ በሕፃንነቷ መንዝ ውስጥ ከእናቷ ጋር ከዋሻ ዋሻ ስትሸሽ የሰማችውን ሙሾ እንጀራ ስትጋግር ታንጎራጉረው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ዘፈን ይመስለን ነበር። ጀግና የለበትም፤ ያልታጨደ ገብስ፣ ጠላት እንዳይሰማ አፉ የታፈነ ሕፃን፣ ያለ ፍታት የተቀበረ ወንድም እንጂ። አንደኛው ስንኝ ቤት አይመታም፤ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ የወንዝ ስም ገብቶበታል። ተማሪ ሳለሁ ስሙን አውጥቼ ስንኙን አቃንቼው ነበር፤ አሁን አፍርበታለሁ፤ የቅድመ አያቴ ወንድም የወደቀበትን ስፍራ የሚናገር ሌላ ማስረጃ የለንምና።

ስለዚህ ጋዜጣዎ ለሙሾና ለእንጉርጉሮ አንድ ዓምድ ቢከፍት፣ ግጥሙንም ያለ እርማት፣ ከአልቃሿ ስምና ከቀበሌዋ ጋር ቢያትም እለምናለሁ። ወደ ኬንያ ተሰደው በኢሲዮሎና በታቬታ መጠለያዎች የከረሙት፣ በሶማሊያ ወደ ነበረው የኢጣሊያ እስር ቤት፣ ወደ ዳናኔ፣ የተጋዙትም ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ቢጠየቁ የሚያስታውሱት አይጠፋም። በ1929 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ መቶ ሊደፍን ተቃርቧል።

ዓምዱ የሚከፈት ከሆነ የአያቴን ሙሾ፣ ሃያ ሁለቱንም ስንኝ፣ የወንዙን ስም ወደ ቦታው መልሼ እልካለሁ።

አክባሪዎ፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ
ከደብረ ብርሃን