የመሪው ዕዳ ለዜጋው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአንድን አገር ተራ ዜጋ በመሪው መመዘን እየተለመደ ስለመምጣቱ ጥቂት ልበል። አሜሪካዊ መንገደኛ ውጭ አገር ሲሄድ ገና ስሙን ሳይናገር ስለ ትራምፕ ይጠየቃል። አንዳንዱማ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው።

ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ በልጠው ነበር፤ የተሸነፉት ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ በሚመርጡት የየግዛቱ ወኪል መራጮች ቁጥር ነው። በ2024ም ትራምፕ ያገኙት ድምፅ ከግማሽ በጥቂቱ ያንሳል። መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ደግሞ ሲሶው ገደማ ጭራሽ ድምፅ አልሰጠም። ታዲያ ፊታችን የቆመው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን አወቅን?

ምርጫው ለይስሙላ በሆነበት አገር ፍርዱ ይብሳል። ዊምብልደን በ2022 የሩሲያና የቤላሩስ ቴኒስ ተጫዋቾችን አግዶ ነበር። የዩክሬኑን ጦርነት ያዘዙት እነሱ አልነበሩም።

መራጭ አይጠየቅ አላልኩም። ይጠየቅ፤ ግን በሰጠው ድምፅ እንጂ በያዘው ፓስፖርት አይሁን።

ጋዜጣችሁ የውጭ አገር ምርጫ ሲዘግብ አሸናፊው ስንት በመቶ እንዳገኘ፣ ስንቱም እንዳልመረጠ በዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ቢያወጣ መልካም ነው።

አንድ አንባቢ