የቅዳሜውን የሙዚየም ጉብኝት ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልን። ለበዓሉ ድፎ ዳቦ ጋግራችሁ ያመጣችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን። የንባብ ፈተናው ውጤት ሰኞ ይደርሳችኋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ለንደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ለመውሰድ የፈቃድ ቅጽ ከላክን ሁለት ሳምንት አለፈን። ከ22ቱ የተመለሰው 7 ብቻ ነው። ምክንያቱን ግሩፑ ላይ አንብቤዋለሁ፦ «ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲማር እንጂ ጠርሙስ እንዲያይ አይደለም።»

ይሁን። ግን ጠርሙሱን ላስተዋውቃችሁ። የዓሣ ቅርጽ ያለው፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ሰማያዊ የብርጭቆ ዕቃ ነው። ዕድሜው ከ3300 ዓመት በላይ ነው። የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ አማርና በሚባል ቦታ፣ ከአንድ ቤት ወለል ሥር ነው። (አማርና ከአማርኛ ጋር ዝምድና የለውም። ልጆቹ ግን ይስቁበታል፤ ይሳቁ።)

በዚያ ዘመን ብርጭቆ በትንፋሽ እየነፉ መሥራት አልተጀመረም። ጭቃና አሸዋ ቀላቅለው በዘንግ ጫፍ ላይ ቅርጽ ያስይዙታል። የቀለጠውን ብርጭቆ ይጠመጥሙበታል። በላዩ የዞረውን ቢጫና ነጭ የብርጭቆ ክር ሳይቀዘቅዝ በሹል ነገር ሲጎትቱት የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። በመጨረሻ ጭቃውን ከውስጥ ፍቀው ያወጡታል። አሁን ልጃችሁን «ጭቃው የት ገባ?» በሉት። መጠምጠም፣ ማቅለጥ፣ መፋቅ፦ እነዚህን ግሦች በጥቁር ሰሌዳ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ያዛጋል።

«የግብፅ ዕቃ እኛን ምን አገባን?» የምትሉም አትጠፉም። ዓሣው ቆሮሶ ነው። ጣና ላይ የሚጠመደው ያው ቆሮሶ! እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ስለምትይዝ ግብፆች የዳግም ልደት ምልክት አድርገዋታል። ስለ አባይ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትከራከሩ ልጆቻችሁ ነግረውኛል። ታዲያ የአባይን ዓሣ ቢያዩ ምን ይጎዳል?

«እኛው እንወስዳቸዋለን» ላላችሁኝም፦ አምና እንዲሁ ብላችሁኝ ነበር። መግቢያው ነፃ ነው፤ ስለ ገንዘብ የሚነሳ ጥያቄ አይኖርም። ፊደሉም አይቀርም። ልጆቹ ያዩትን እዚያው በአማርኛ ይጽፋሉ።

ቅጹን እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ። «ልጄ ዓሣ አይወድም» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ወላጅ፣ እባክዎ ሌላ ቅጽ ይሙሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር