ከተሰበሰበው ብር በፊት የልጆቹ ሥራ ይጠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት በሰኔ ወር የሚከበረው የወላጆች ቀን ከዓመት ዓመት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ለወጡ ተማሪዎች ሽልማት በመስጠት ብቻ ይጠናቀቅ ነበር። ዘንድሮ ግን የተማሪዎች የፈጠራና የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ታክሎበት፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የሚውል ገንዘብም እንደሚሰበሰብ ሲነገረን፣ እንደ ብዙዎቹ ወላጆች እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በዚያ ዕለት ያየሁት የልጆች ትጋትና ያ ትጋት ከመድረክ ሳይነሳ መቅረቱ ነው።

በአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ባዶ ሃይላንዶች በግሉኮስ ቱቦ ተያይዘው፣ በቱቦው አፍ ላይ ከፊኛ የተቆረጠ ትንሽ ክዳን ተለጥፎ ነበር። ልጅቷ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበትን ውኃ የያዘውን ሃይላንድ ስትጨምቀው ውኃው ወደ ሌላኛው ይሻገራል፤ ስትለቀው ክዳኑ ይገጥምና የተሻገረው አይመለስም። “ይሄ የጤነኛ ልጅ ልብ ነው” አለችን። ከጎኑ ያለው ሌላው ጥንድ በአሠራሩ አንድ ዓይነት ሆኖ የፊኛው ጫፍ ብቻ በሙጫ ደርቆ ተጨማዷል። እሱን ጨምቃ ስትለቀው ውኃው እየተንጠባጠበ ወደ ኋላ ተመለሰ። “ይሄ ደግሞ ጉሮሮውን ታሞ ያልታከመ ልጅ ልብ ነው” ብላ፣ በካርቶን ላይ በትልልቁ የጻፈችውን “ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ ለእናታችሁ ንገሩ” የሚለውን ማሳሰቢያ አሳየችን።

ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም በእርግጥም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ቁስለት በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን አጠቃለሁ ብሎ የገዛ ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመሙ ሲደጋገምም እንደ ፊኛው ክዳን ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት የልብ ቫልቮች ጠባሳ ይዘው በወጉ መከፈትና መዘጋት ይሳናቸዋል። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ የተማሪዎች ጉዳይ ነው። በፔኒሲሊን ሊገታ ይችል የነበረ ሕመም ቫልቭ ካበላሸ በኋላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት ለነዚህ ሕፃናት ሲደከም ቆይቶ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እስኪከፈት ድረስ የሕፃናቱ ተስፋ በአብዛኛው ውጭ አገር ሄዶ መታከም ነበር። ይህን ሁሉ ለአንድ አዳራሽ ወላጅ በጥቂት ሃይላንዶች ማስረዳት የቻለች ልጅ ስሟ ከመድረክ አልተጠራም።

የተጠራው የብር መጠን ነው። ከወላጆች ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፖስታ ተሰጥቶ፣ ቢያንስ 200 ብር ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ነበር። በዕለቱም ከየክፍሉ የተሰበሰበው ድምር ተነብቦ፣ ብዙ ያመጣው ክፍል ዋንጫ ተሸለመ። የጎረቤቴ ልጅ ለዐውደ ርእዩ አደይ አበባና የመስቀል ደመራ የሣለባቸውን ሦስት ካርዶች ካስረከበ በኋላ፣ እንጀራ እየሸጠች የምታሳድገው እናቱ ፖስታውን መሙላት ስላልቻለች፣ “ክፍላችንን አሳንሳለሁ” ብሎ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረ። በዐውደ ርእዩ ላይ ካርዶቹ ሦስቱም ተሸጡ። የተገኘው ገንዘብ ግን በትምህርት ቤቱ ስም ተመዘገበ እንጂ ለልጁ አስተዋጽኦ ተብሎ አልተቆጠረለትም።

እኛ ያደግንበት ሰፈር ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀው ነበር። በእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶቹ አበባና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት በየቤቱ ያድላሉ፤ ሴቶቹም እንግጫና አደይ ይዘው አበባዬሆሽ ይላሉ። ሳንቲሙ የሚሰጠው ለሣለውና ለዘፈነችው ነበር፤ የማንም ልጅ አባት ምን ያህል አለው ተብሎ አይጠየቅም። በትምህርት ቤት የሚደረግ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብም በዚሁ ልማድ ላይ ቢቆም፣ ማለትም ልጁ በእጁ የሠራው ካርድ፣ ስፌት ወይም ሥዕል ተሸጦ ገቢው በሠሪው ስም ቢመዘገብ፣ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ እኩል ለጋሽ መሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ አዲስ ትምህርት መፍጠር አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ትያትርንና ሥዕልን የሚያስተምር “ክወናና እይታ ጥበብ” የሚባል ትምህርት አለ። የልጄን የዚህን ትምህርት ደብተር ገልጬ ሳየው ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቃት ክፍለ ጊዜው ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ ማካካሻ እንደሚውል ነገረችኝ።

ስለዚህ የትምህርት ቤት አስተዳደሮችንና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶችን የምጠይቀው፣ በፖስታ የሚመጣውን ገንዘብ በክፍል ማወዳደሩን ትተው የልጆቹን ሥራ በየስማቸው እንዲያስተዋውቁ ነው። ገንዘቡ ለተባለው መርጃ መድረሱን የሚያረጋግጠው ደረሰኝም በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ በጠዋት ሰልፍ ላይ ለተማሪዎቹ ቢነበብላቸው መልካም ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለአረጋውያን የሰጠነው ብር የት እንደደረሰ ልጄ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ እኔም የምመልስላት የለኝም። ጋዜጣችሁም የፈተና ውጤትን ለመዘገብ ከሚሰጠው ቦታ ጥቂቱን እንዲህ ላሉ ሥራዎች ቢሰጥ ብዙ አንባቢ የሚያገኝ ይመስለኛል።

የልጅቷ ሃይላንዶች አሁን በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። በመስከረም አዳዲስ ተማሪዎች ሲገቡ፣ እሷው ራሷ ቆማ እንድታስረዳቸው ርእሰ መምህሩን ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የተማሪ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ