ተፈናቃዩ ድምፁን የት ይስጥ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ተፈናቃዮች የመምረጥ መብት ሲነሳ የመራጭነት ካርድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳስበናል። የምርጫ ሕጉ (አዋጅ 1162/2011) መራጩ በምርጫ ክልሉ 6 ወር እንዲኖር ይጠይቃል፤ ተፈናቃይ በመጠለያ ሆኖ ለቀድሞ ቀዬው ድምፅ የሚሰጥበት ልዩ ጣቢያም አለ። ችግሩ ያንን ተከትሎ ይመጣል።

ነዋሪነትን በአብዛኛው የሚያሳየው የቀበሌ መታወቂያ ነው። የተፈናቃዩ መታወቂያ ግን ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። አዲሱ ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይላል፤ መሸኛ የሚጽፈው ጥሎት የተሰደደው ቀበሌ ነው፣ ያውም ቢሮው ክፍት ከሆነ! መታወቂያ ቢገኝ እንኳ በአንድ መጠለያ የብዙ ምርጫ ክልል ሰው ስላለ የእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ድምፅ መስጫ ወረቀት ለየብቻ መድረስ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀድሞው ቀዬ ራሱ ካልመረጠ ልዩ ጣቢያው ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። በ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለው የመተከል ዞን አልመረጠም፤ ድምፅ መስጠት የተቻለው ሰኔ 2016 ነው።



የምርጫ ቦርዱ ከመራጮች ምዝገባ በፊት የመጠለያ ኮሚቴ ምስክርነትን በመሸኛ ምትክ ይቀበል፤ የተፈናቃዮችን ዝርዝርም በምርጫ ክልል ለይቶ ይያዝ።